የማይጣበቀውን ማጣበቅ፦ የጥርስ ፖሊመርና የገጽ ዝግጅት

በበርበሬዋ የምትታወቀው የማረቆ ከተማ ቆሼ በቡታጅራና በዝዋይ መካከል፣ በስምጥ ሸለቆው ምድር ላይ ትገኛለች። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ የያዙ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ቋሚ ጥርስ በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዘመን፣ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ 8 የዕድሜ ዓመታት፣ እንዲህ ያለ ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ሲጸና ደግሞ ይቦረቦራል። ስለዚህ በሸለቆው ለሚያድግ ወጣት የጥርስ ሽፋን ነገር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ የተበላሸ ጥርስ ሊሸፈን፣ የወለቀም ሊተካ ይችላል። ሆኖም ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ከሥሩ ካለው አካል ጋር ካልተያያዘ ከንቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የመያያዝ ምስጢር ነው።

ከኢናሜል የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቡኖኮር የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም፣ ፋብሪካዎች ብረትን ቀለም ከመቀባታቸው በፊት በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያዘጋጁት ተመልክቶ ዘዴውን በጥርስ ላይ ሞከረው። አሲዱ በጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ በኢናሜል ላይ፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይከፍታል፤ ፈሳሹ ሙጫ ወደ ቀዳዳዎቹ ሰርጎ ሲደርቅ እንደ ሥር ይይዛል። ዛሬ ለዚህ ተግባር በአብዛኛው 37 በመቶ ገደማ የሆነ ፎስፎሪክ አሲድ እንጠቀማለን። በፍሎራይድ የተጎዳ ኢናሜል ግን የላይኛው ንጣፉ አሲድን ስለሚቋቋም፣ ሐኪሙ አንዳንድ ጊዜ ገጹን ይሞርደዋል ወይም አሲዱ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማል።

ፒክ ምንድን ነው?

ጥርስ ሲወልቅ ምትኩን የሚሸከም ክፈፍ ያስፈልጋል። ለዚህ አገልግሎት ከብረት ጎን ለጎን የመጣው ፖሊ ኤተር ኤተር ኬቶን፣ በአጭሩ ፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈ ፖሊመር ነው። ቀላልና ብርቱ ነው፤ አይዝግም። ግትርነቱ 4 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። የአጥንት ጠንካራ ክፍል ወደ 14፣ ቲታኒየም ደግሞ ወደ 110 ጊጋፓስካል ስለሆነ፣ ፒክ በማኘክ ጊዜ እንደ ብረት ድርቅ ሳይል ጫናውን ያለዝባል።

ነገር ግን መልኩ ግራጫማ ቡናማ ነው፤ ብርሃንም አያሳልፍም። በመሆኑም የጥርስ መልክ ባለው ቁስ መሸፈን አለበት። ሸክላ መሰሉ ፖርስሌን በምድጃ የሚጋገር ስለሆነ፣ በ343 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚቀልጠው ፒክ ላይ ሊጋገር አይችልም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በብርሃን የሚጠነክረው ኮምፖዚት ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ፒክን ከኬሚካሎች ጥቃት የጠበቀው ባሕርይ ከማጣበቂያም ጋር እንዳይዋሃድ ያደርገዋል፤ በሽፋኑ ላይ የተንጠባጠበ ፈሳሽ ከመንጣለል ይልቅ ይንከባለላል።

ገጹን መውቀር

በየቤታችን ሁለት ተቃራኒ የገጽ ዝግጅቶች አሉ። እንጀራው እንዳይጣበቅ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ የወፍጮ ድንጋይ ደግሞ ሲለሰልስ እንዲፈጭ ይወቀራል። ፒክ ያለ ዝግጅት እንደ ታሰሰ ምጣድ ነው፤ የባለሙያው ተግባር ወደ ተወቀረ ወፍጮ መለወጥ ነው። መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው።

አንደኛው ከ50 እስከ 110 ማይክሮሜትር መጠን ያላቸውን የአሉሚና ቅንጣቶች በታመቀ አየር መርጨት ነው። ይህ ገጹን ያሻክራል፤ ማጣበቂያው የሚነካውንም ስፋት ይጨምራል።

ሁለተኛው 98 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ለ60 ሰከንድ ያህል ሲቀባ ገጹን እንደ ስፖንጅ ያቦረቡረዋል፤ በፖሊመሩ ቀለበቶችም ላይ የሰልፎኒክ ቡድኖችን ይተክላል። ውጤቱ ብርቱ ቢሆንም አሲዱ ሥጋንና ዓይንን የሚያቃጥል ስለሆነ ከታካሚው አፍ አጠገብ ሊውል አይገባም፤ በቤተ ሙከራም በጥንቃቄ ተይዞ በሚገባ መታጠብ አለበት።

ሦስተኛው ፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ኢዮን የተለወጠ ጋዝ ነው። ገጹን ያጸዳል፤ ኦክስጅን ያላቸውን ቡድኖች ይጨምርለታል፤ ፈሳሽም እንዲንጣለልበት ያደርጋል። ይህ ለውጥ ጊዜ ሲሰጠው ስለሚደበዝዝ ማጣበቂያው ሳይዘገይ መቀባት አለበት።

መውቀር ብቻውን ግን አይበቃም። ለፖርስሌን የሚያገለግለው ሲሌን ከሲሊካ ጋር የሚያያዝ ነው፤ ንጹሕ ፒክ ደግሞ ሲሊካ የለውም። በመሆኑም የፖርስሌኑን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። በአንጻሩ ሜቲል ሜታክሪሌት የያዙ ማጣበቂያዎች በተደጋጋሚ ሙከራዎች ጥሩ ውጤት አሳይተዋል።

የሚፈተነው በአፍ ሁኔታ ነው

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 10477 መለኪያው የሽፋኑ ቁርኝት ቢያንስ 5 ሜጋፓስካል እንዲሆን ይጠይቃል። 1 ሜጋፓስካል በካሬ ሚሊሜትር 1 ኒውተን ስለሆነ፣ 10 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽፋን 50 ኒውተን፣ ማለትም የ5 ኪሎግራም ክብደት ያህል፣ መሸከም አለበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ ትኩስ ቡና ጠጥቶ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያስከትል ሰው አፍ ስለሚታሰብ፣ ተመራማሪዎች ናሙናዎቹን በ5 እና በ55 ዲግሪ ውኃ መካከል በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ያመላልሷቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ጠንክሮ የታየ ቁርኝት ከዚህ በኋላ ሊላላ ይችላል።

ይህ ቁጥር ከሰው ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። የጥርስ ሕክምና ፍለጋ ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ ሩቅ ለተጓዘ ሰው የወደቀ ሽፋን ሌላ ጉዞና ሌላ ወጪ ነው። ስለሆነም ባለሙያው ከሚያምረው የላይኛው መልክ በፊት ስለማይታየው የሥሩ ገጽ ሊጨነቅ ይገባል። ለሚቀጥለው ትውልድ ግን የሁሉም መጀመሪያ የሆነው መፍትሔ ፍሎራይዱ የተቀነሰ ንጹሕ ውኃ ነው፤ ያልተበላሸ ጥርስ ሽፋን አያስፈልገውምና።