ተጨማሪ መረጃ፦ ስም ሳይጠሩ መልክ መውሰድ

አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪ የመሐል ሜዳ ከተማን አንድ አዛውንት ከነጋቢያቸው፣ ከነአረማመዳቸው ቀርጾ ሸጠ እንበል። ስማቸውን አልጠቀሰም፤ ያየ ሁሉ ግን ያውቃቸዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍም ሆነ ሥዕል ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት የወጣ ቢሆንም እንዲህ ያለውን ቅርጽም የሚሸፍን ይመስላል። አንቀጽ 28 ግን ለታዋቂ ሰዎች፣ ለባለሥልጣናት፣ ለባህልና ለትምህርት ጉዳይ በሩን ገርበብ ያደርጋል። ሙግቱ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው።

ተመሳሳይ ሙግት በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር፤ የኮሌጅ «አሜሪካን ፉትቦል» ተጫዋች የነበረው ሳም ኬለር ቁመቱ፣ ክብደቱና የማሊያ ቁጥሩ ስሙ ሳይጠራ በጨዋታ ውስጥ ስለተቀዳ የጨዋታ ሠሪውን ኩባንያ ኤሌክትሮኒክ አርትስን ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በሐሳብ ነፃነት ስም ያቀረበውን መከላከያ ውድቅ አደረገ።