መርማሪ መልእክተኞች

ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስ ልደታ በሚገኘው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ደጃፍ በየቀኑ አልፋለሁ። ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ተራ ሲጠብቁ ባየሁ ቍጥር አያቴ የጠየቁኝ ነገር ትዝ ይለኛል። ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. በሌሊት ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም፤ ዕድሜው እኔ አሁን ያለሁበትን ያህል ነበረ። «ልጄ፥ ያን ጊዜ የብዙ አገር ኤምባሲ እዚሁ ከተማችን ነበረ፤ ስለ ምን መጥቶ የጠየቀን ሰው የለም?» አሉኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም መልሱን ስፈልግላቸው ነው።

መርማሪ ቡድን ማለት አንድ መንግሥት ዜጎቹን በድሏል ተብሎ ሲከሰስ፥ መንግሥታት በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት እውነቱን አጣርተው እንዲመጡ የሚልካቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ሥራቸውም ወህኒ ቤት ገብቶ ማየት፥ የታሰሩትንና የዘመዶቻቸውን ቃል ጠባቂ በሌለበት መስማት፥ ከዚያም ያገኙትን ጽፎ ማቅረብ ነው። መፍረድም ማሰርም አይችሉም። ለመግባት እንኳ የተከሳሹን መንግሥት ፈቃድ ይሻሉ፤ ይህ ማለት ሌባው በሩን ካልከፈተ ፈታሹ ደጅ ይቀራል ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1967 ዓ.ም. ስለ ቺሊ ያቋቋመው ቡድን፥ የጀኔራል ፒኖቼ መንግሥት በመጨረሻው ሰዓት ስለ ከለከለው አገሩን ለመርገጥ የቻለው በ1970 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱ የአያቴ ወንድም የተወሰደበት ነው።

በአርጀንቲናም የአሜሪካ አገሮች ድርጅት የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ከጳጉሜን 1971 እስከ መስከረም 1972 ዓ.ም. ሁለት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች በቦነስ አይረስ መንገድ ላይ ተሰለፉ፤ ኮሚሽኑም 5,580 አቤቱታ ተቀበለ። ወታደሮቹ በማግሥቱ ሥልጣን አልለቀቁም፤ ይህን ያህል አቤቱታ ግን እንደ ሐሜት ቈጥሮ መሸፈን አስቸጋሪ ነበረ።

በአገራችንስ? ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን፥ ኋላም ቀይ ሽብር ሲታወጅ፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ከልደታ በእግር የሚደረስበት ስፍራ ነበረ። ነገር ግን በ1955 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመው ቻርተር፥ አንዱ አባል በሌላው የውስጥ ጉዳይ እንዳይገባ በሦስተኛው አንቀጽ ይከለክል ነበር። ለነጻነት የታጠረው አጥር ገዳይንም ከለለ። አሜሪካ በየካቲት 1969 ዓ.ም. የሰብአዊ መብትን መጣስ ምክንያት አድርጋ ርዳታዋን ብትቀንስም፥ ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪዬት ኅብረት አዞረና መሣሪያውን ከዚያ አገኘ።

ምርመራው የመጣው ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የጅምላ መቃብሮችን ቈፍሮ ለመመርመር ከረዱትም አንዱ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ነበረ። የእነዚያ የተሰለፉ እናቶች አገር ልጆች የእኛን ሰው አጥንት ሊለዩ መጡ! እንዲህ ባለው ቍፋሮ የጥይት ቀዳዳ፥ ገመድ፥ የልብስ ቍልፍና ጥርስ ሳይቀር ይመዘገባል። ክሱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መታየት ጀመረ፤ ልክ ከ12 ዓመት በኋላም ፍርድ ቤቱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ናቸው አለ።

ይህን ሁሉ ለአያቴ አነበብሁላቸው። ስለ ፍርዱ ምንም አላሉም። ከሣጥናቸው የወንድማቸውን ፎቶግራፍ አውጥተው ሰጡኝና፥ «የሚቈፍር ሰው ደግሞ የመጣ እንደ ሆነ ይህን አሳየው፤ የፊት ጥርሱ አንዱ የተሸረፈ ነው» አሉኝ።