ፕሮግራሞች እንዲግባቡ፤ ስለ ኦንቶሎጂ ጥቅም

«ነገ በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብለን ለውጭ አገር እንግዳ ብንነግረው፣ እርሱ 3 ሰዓት የሚለው እኛ 9 ሰዓት የምንለውን ስለሆነ ቀጠሮው ሊፋለስ ይችላል። ሰው ግን ሲጠራጠር «በማን አቆጣጠር?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱን ወክሎ ከሌላ ፕሮግራም ጋር መረጃ የሚለዋወጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን የተቀበለውን ቁጥር ሳይጠራጠር ይሠራበታል። በዚህ ጽሑፍ፣ ፕሮግራሞች ከቁጥሩ ጋር ትርጕሙንም እንዲለዋወጡ የሚረዳውን ዘዴ ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የላካት ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለች መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ዓ.ም. ማርስ ዘንድ እንደ ደረሰች ጠፋች። ምድር ላይ ያለው አንዱ ፕሮግራም የሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ አስልቶ ሲያስተላልፍ፣ ተቀባዩ ፕሮግራም በኒውተን እንደ ተለካ አድርጎ ሠራበት። አንድ ፓውንድ 4.45 ኒውተን ያህል ስለሆነ የመንገዷ ስሌት ተዛባ፤ 226 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ታልፋለች ስትባል ወደ 57 ኪሎ ሜትር ዝቅ አለች። ልብ ማለት የሚገባን፣ በሜትሪክ መለኪያ እንዲሠራ የሚያዝ ስምምነት በጽሑፍ ነበረ። ነገር ግን የተጻፈው ለሰው ስለሆነ ፕሮግራሞቹ ሊያነቡት አልቻሉም።

ኦንቶሎጂ ማለት እንዲህ ያለው ስምምነት ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል አኳኋን የተጻፈበት መዝገብ ነው። በውስጡም፣

1ኛ/ የነገሮች ዓይነት ይዘረዘራል፤ ለምሳሌ «ኃይል» እና «መለኪያ»።

2ኛ/ ዝምድናቸው ይገለጻል፤ «ፓውንድና ኒውተን የኃይል መለኪያዎች ናቸው፤ አንዱ ፓውንድ 4.45 ኒውተን ያህል ነው»።

3ኛ/ ደንብ ይወሰናል፤ «ማናቸውም የኃይል መጠን ከነመለኪያው ይጻፍ»።

እንግዲህ ይህን መዝገብ የሚያነብ ፕሮግራም ፓውንዱን ራሱ ወደ ኒውተን ይለውጣል፤ መለኪያ የሌለው ቁጥር ሲመጣለትም ደንቡን አይቶ ሊመልሰው ይችላል። ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የሚያገለግለው ኦውል የተባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ደብልዩ ስሪ ሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ጸድቋል።

ይሁን እንጂ ኦንቶሎጂ ስምምነትን ይጽፋል እንጂ አይፈጥርም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች «ሕፃን» የሚባለው እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ካልተስማሙ፣ መዝገቡ ልዩነታቸውን ያሳያል እንጂ አያስታርቃቸውም። ስለዚህ ፕሮግራም የምንጽፍ ተማሪዎች ቁጥር ከማስተላለፋችን አስቀድመን ያንኑ ጥያቄ እንጠይቅ፤ በማን አቆጣጠር?