በሮቦት የታገዘ የመራመድ ተሃድሶ

በሮቦት የታገዘ የመራመድ ተሃድሶ ማለት በህብለ ሰረሰር ጉዳት ምክንያት እግራቸው የደከመ ወይም አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች በሞተር የሚንቀሳቀስ መሣሪያ እየታገዙ እርምጃን በተደጋጋሚ የሚለማመዱበት የፊዚዮቴራፒ ዘዴ ነው። መሣሪያው የተቆረጠን ነርቭ አይቀጥልም። ዋና ጥቅሙ ከጉዳቱ የተረፉት ነርቮች ደጋግመው እንዲሠለጥኑ ማድረጉ ነው።

የጉዳቱ ደረጃ

ህብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንቶች ውስጥ የሚያልፍ የነርቭ ገመድ ሲሆን የአንጎልን ትእዛዝ ወደ አካል፣ የአካልን ስሜት ደግሞ ወደ አንጎል ያደርሳል። ሐኪሞች ጉዳቱን ከኤ እስከ ኢ በሚባሉ 5 ደረጃዎች ይመድቡታል። ኤ ስሜትም እንቅስቃሴም የጠፋበት ሙሉ ጉዳት ነው። ቢ ስሜት ብቻ የቀረበት፣ ሲ እና ዲ የተወሰነ እንቅስቃሴ ያለበት፣ ኢ ደግሞ ሁለቱም ወደ ጤናማው ሁኔታ የተመለሱበት ነው። እንደገና የመራመድ ተስፋ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ነው።

አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1911 ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባለ ተመራማሪ ከአንጎል የተለየ የድመት ህብለ ሰረሰር የእርምጃን ምት በራሱ ማመንጨት እንደሚችል አሳየ። የዛሬው ልምምድም በከፊል በዚህ ግኝት ላይ ይቆማል።

መሣሪያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ቋሚ ነው። ታማሚው በቀበቶ ተንጠልጥሎ የክብደቱ ከፊል ይያዝለታል፤ ከእግሮቹ ጋር የታሰሩ የሮቦት ክንዶች ዳሌንና ጉልበትን እያጠፉና እየዘረጉ በትሬድሚል ላይ ያራምዱታል። በስዊዘርላንድ የተሠራው ሎኮማት ለዚህ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ዓይነት እንደ ልብስ የሚታጠቁት ነው። እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር የፈለሰፈው ሪዎክ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ለግል አገልግሎት ተፈቅዷል። ይህ መሣሪያ ክራንች መያዝ የሚችሉ ጠንካራ እጆችን ይፈልጋል።

አጥንቱ የሳሳ፣ የአልጋ ቁስል ያለበት ወይም ሲቆም የደም ግፊቱ በኃይል የሚወርድ ሰው ልምምዱን ከመጀመሩ በፊት በሐኪም መታየት አለበት።

ውጤት

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ከፊል ጉዳት ያለባቸው 146 ታማሚዎች ለ12 ሳምንታት ሠልጥነዋል። ገሚሶቹ የተለማመዱት በቀበቶ ተይዘው በትሬድሚል ላይ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በመሬት ላይ ነበር፤ በመራመድ ችሎታቸው የጎላ ልዩነት አልታየም። ሮቦት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ድካም ይቀንሳል፤ ብዙ እርምጃዎችንም ሳይዛነፉ ይደግማል። ሆኖም ሮቦቱ ሁሉን ሠርቶለት ታማሚው ራሱ ካልጣረ ጥቅሙ ያንሳል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው በመኪና አደጋና ከከፍታ በመውደቅ ነው፤ ጥይትና የአከርካሪ ቲቢም ምክንያት ይሆናሉ። የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። የሆሳዕና ከተማ ከአዲስ አበባ 230 ኪ.ሜ. ያህል ይርቃል። በከተማዋ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የሀዲያና የከምባታ አካባቢ ሕሙማንን ያስተናግዳል።

በመቶ ሺዎች ዶላር የሚያወጣ፣ የማይቋረጥ መብራትና መለዋወጫ የሚፈልግ መሣሪያ ለእንዲህ ዓይነት ከተሞች ቅርብ አይደለም። የልምምዱ ዋና ነገር የሆነው ድግግሞሽ ግን በትይዩ ብረቶች፣ በክራንች፣ በእግር ድጋፍና በባለሙያ እጅ ሊገኝ ይችላል።

ተሃድሶው የሚጀምረው ከመራመድ ልምምድ በፊት ነው። በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሆሳዕና መንገድ ላይ የወደቀ ሰው አንገቱና ጀርባው ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ መወሰድ አለበት። እጅና እግሩን ይዞ ማንሳት ወይም ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መጫን ከፊሉን ጉዳት ሙሉ ሊያደርገው ይችላል። ከዚያም በየ2 ሰዓቱ ጎን መቀየር የአልጋ ቁስልን፣ ሽንትን በንጽሕና ማስወጣት ደግሞ የኩላሊት ጉዳትን ይከላከላል። እነዚህ ሳይሟሉ ቢቀሩ፣ ሮቦት ቢገኝም እንኳ የሚለማመድበት አቅም አይኖርም።