ሕመምተኛ የሚጭን መኪና ሁሉ አምቡላንስ አይደለም

በባኮ መንገድ ላይ ሳይረኑን እያሰማ የሚያልፈውን ነጭ ላንድክሩዘር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጃፓን ከሚገኘው ፋብሪካ ሲወጣ ግን አምቡላንስ እንዳልነበረ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ፋብሪካው የሚሠራው ረጅም ሃርድ ቶፕ ነው፤ ወታደርም ጆንያም ይጭናል። ሕመምተኛ እንዲያደርስ አድርገው የሚያደራጁት ሌሎች ናቸው። እነሱም ልዩ ተሽከርካሪ የሚሠሩ የቦዲ ባለሙያዎች ናቸው።

በእርግጥ ሐሳቡ ከመኪና በፊት የነበረ ነው። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ ቁስለኞችን ትንከባከብ ወደነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ ድንኳን እንዲወሰዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል፤ ድንኳኑም የተተከለው በመስጊዳቸው ውስጥ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም ላሬ እ.ኤ.አ. በ1792 ቁስለኛን ከጦር ሜዳ በፍጥነት የሚያወጣ ቀላል የፈረስ ጋሪ አሠራ። ግብፅ በዘመተ ጊዜ ደግሞ አሸዋው ለጋሪ ስላልተመቸ በግመል ግራና ቀኝ ቁስለኛ የሚተኛበት ቅርጫት አንጠለጠለ። መንገዱ ሲለወጥ ማጓጓዣውም መለወጥ እንዳለበት የገባው ሰው ነበር።

በአገራችን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም የጣሊያን ወረራ በተቃረበበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ «አምቡላንስ» የሚባለው ሐኪሙን፣ ድንኳኑንና የጭነት መኪናውን ያካተተ ሙሉ ቡድን ነበር። ስዊድን፣ እንግሊዝ፣ ኖርዌይና ሌሎችም እንዲህ ያሉ ቡድኖችን ልከዋል፤ የግብፅ ቀይ ጨረቃም ሐኪሞቹን ልኮ ቁስለኞቻችንን አክሟል። የስዊድኑ አምቡላንስ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ጉናር ሉንድስትሮም የተባለው ባልደረባው ሞተ። የቀይ መስቀሉ ዓርማ ከቦምቡ አላዳነውም።

ወደ ዛሬው እንመለስ። ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ቶዮታ ጂብራልታር ስቶክሆልዲንግስ ነው። ጂብራልታር ማለት የኛው ጀበል ጣሪቅ ነው፤ ጣሪቅ ኢብን ዚያድ የተሻገረበት ተራራ! ድርጅቱ ላንድክሩዘሮችን እያደራጀ ለተባበሩት መንግሥታትና ለእርዳታ ድርጅቶች ይልካል። ከእነዚህም ውስጥ አምቡላንሶች አሉ። የዚሁ ላንድክሩዘር ሌላ ዓይነት ደግሞ የክትባት ማጓጓዣ ነው፤ 396 ሊትር የሚይዝ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት በመጋቢት 2013 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅትን የብቃት ማረጋገጫ አግኝቷል።

ቦዲ ሠሪው ምን ይጨምራል? ከባዱ ሥራ ውስጡ ነው። አልጋው በፍሬን ጊዜ እንዳይንሸራተት ከወለሉ ጋር ይታሰራል። የኦክስጅን ሲሊንደሩም እንዲሁ፤ ያልታሰረ ሲሊንደር በግጭት ጊዜ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ወለሉና ግድግዳው ደም የማይመጥ፣ በመድኃኒት የሚታጠብ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የትናንቱ ሕመምተኛ በሽታ ለዛሬው ይተርፋል። ለባለሙያው ከሕመምተኛው ራስጌ መቀመጫ ያስፈልገዋል። የኋላው ባሌስትራ ደግሞ ለጭነት የተሠራ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻ ሲጫን ያነጥራል፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ንዝረቱን የሚቀንስበት መላ ይፈልጋል። ሳይረንና መብራት ቀላሉ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ይገጠማል።

ይህ ሁሉ ለባኮ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ከባኮ ነቀምቴ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምቦ ከ120 በላይ። ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት እርዳታ ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። መንግሥት ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያዳርስ ያሰበው እነዚህን እናቶች ነበር። ነገር ግን የጤና ባለሙያዎች የሚቆጥሯቸው መዘግየቶች ሦስት ናቸው፦ ቤት ውስጥ «ትንሽ እንየው» እየተባለ የሚባክነው፣ መንገድ ላይ የሚባክነውና ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ የሚባክነው። መኪናው የሚያሳጥረው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው በባልና በአማት እጅ ነው።

መኪና የማይገባበት ቀበሌም ብዙ ነው፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። እዚያ አምቡላንሱ የሰው ትከሻ ነው። የጀናዛ ቃሬዛ የሌለው መስጊድ አላየሁም፤ ለሕያው ሕመምተኛ የተዘጋጀ ቃሬዛ ያለው ግን ስንቱ ነው? ጠንካራ ሸራ፣ ሁለት አጣናና ማሰሪያ ጠፍር ይበቃል። የጀማዓው ወጣቶች ተራ ገብተው አስፋልት ድረስ ያደርሳሉ።

እስከዚያው ነፍሰ ጡሯን በግራ ጎኗ አስተኟት። ራሱን ለሳተ ሰው፣ ጾመኛም ቢሆን፣ ውኃም ተምርም በአፉ አትስጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ከከፍታ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ሰው ከሆነ ግን አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ባለሙያ ጠብቁ። ደም ሊሰጥ የሚችል ዘመድ አብሮ ይሳፈር። አንድ ሰው በቅድሚያ አስፋልት ወጥቶ ለሾፌሩ ምልክት ይስጥ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የነፃ ጥሪ 907 ነው፤ የወረዳችሁን አምቡላንስ ቁጥር ደግሞ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተቀብላችሁ ዛሬውኑ በሩ ላይ ለጥፉት።