«ለልጆች የተሠራ» ቪዲዮ ማን ይከፍልበታል?

ግሮንላንድ ስንል በበረዶ የተሸፈነችውን ደሴት ማለታችን አይደለም። የምናወራው ከኦስሎ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ስለሚያስኬደው፣ አትክልት በየደጁ ስለሚደረደርበት፣ ኡርዱና ሶማልኛ፣ ትግርኛና አማርኛ በአንድ መንገድ ላይ ስለሚሰማበት ሰፈር ነው። እዚያ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁን አማርኛ ለማስተማር ዋናው ረዳቱ ስልኩ ነው። የኖርዌይ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማር ግዴታ ያለበት ተማሪው በኖርዌጅኛ መከታተል እስኪችል ድረስ ብቻ ነው፤ እዚያው ተወልዶ በመዋዕለ ሕፃናት ላደገ ልጅ ይህ አይደርሰውም። ስለዚህ ተረቱም፣ ፊደሉም፣ የልጆች መዝሙሩም ከዩቲዩብ ይመጣል፤ ያውም በነፃ።

ነፃ የሚመስለው ሂሳቡን አስተዋዋቂ ስለሚከፍል ነው። ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለአዘጋጁ፣ ቀሪው ለዩቲዩብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ግን ይህ ሂሳብ ለልጆች ዝግጅት እንደ ድሮው አልሰራም።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ስለሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን ይከለክላል። በመስከረም 2019 ጉግልና ዩቲዩብ ይህን ሕግ ጥሰዋል ተብለው 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ 136 ሚሊዮኑ ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን፣ 34 ሚሊዮኑ ለኒውዮርክ ግዛት። ጥፋታቸው የልጆችን የመመልከት ልማድ እየተከታተሉ ማስታወቂያ ማነጣጠራቸው ነበር። እዚህ ላይ ለኩባንያው የምንከራከርበት ምክንያት የለም። አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን ምን እንደሚወድ መዝግቦ ለአሻንጉሊት ሻጭ መሸጥ ነውር ነው።

የቅጣቱ ጥላ ግን ከአሜሪካ ተሻግሮ አዲስ አበባም ኦስሎም ደረሰ። ከጥር 2020 ጀምሮ ማንኛውም አዘጋጅ ቪዲዮ ሲጭን አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይህ ቪዲዮ ለልጆች የተሠራ ነው ወይስ አይደለም? የተረት አዘጋጅ እንደ እውነቱ «አዎ» ብሎ ሲጫን አስተያየት መስጫው ይዘጋል፣ አዲስ ሥራ መውጣቱን የምታበስረው የደወል ምልክት ትጠፋለች፣ በቪዲዮው መጨረሻ ወደ ሌላ ሥራ የሚያሻግረው ካርድ ይነሳል፣ የአባልነት ክፍያም አይሠራም። ተመልካቹን አነጣጥሮ የሚመጣው ማስታወቂያ ይቀራል፤ የሚተርፈው በቪዲዮው ይዘት ላይ ብቻ የተመሠረተው ነው።

ወላጅን የሚነካው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። በእነዚህ ቪዲዮዎች ላይ የአርባ ዓመት አባትም እንደ ልጅ ይቆጠራል። አሥር ተረቶችን በአንድ ዝርዝር አስቀምጦ ለመንገድ ላዘጋጅ ቢል አይፈቀድለትም። «ይህች ቃል በጎጃም እንዲህ ትባላለች» ብሎ ለአዘጋጁ የሚጽፍበት ቦታም የለም። በባዕድ አገር ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እነዚያ አስተያየቶች ወላጆች እርስ በርስ የሚረዳዱባቸው አንድ መድረክ ነበሩ።

የዋጋውን ጉዳይ ዘርዘር እናድርገው። አነጣጣሪ ማስታወቂያ ኦስሎ ያለችው ተመልካች እናት መሆኗን፣ ጋሪ እየፈለገች መሆኗን፣ ሰሞኑን የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ማየቷን ያውቃል፤ ስለዚህ የቪዲዮው ቋንቋ አማርኛ መሆኑ አስተዋዋቂውን አያግደውም። በይዘት ላይ የሚመሠረተው ማስታወቂያ ግን የሚያውቀው «ይህ የአማርኛ የልጆች ተረት ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ኖርዌይ ውስጥ በአማርኛ ተረት አጠገብ ዕቃውን ለማስተዋወቅ ጨረታ የሚገባ ነጋዴ ስንት አለ? የእንግሊዝኛ የልጆች ዘፈን የራሱ የአሻንጉሊት ኩባንያዎች አሉት። የአማርኛው የለውም። በዚህ ላይ ኖርዌይ ጤናማ ያልሆኑ ምግቦችን ለልጆች ማስተዋወቅን በ2025 ባወጣችው ደንብ ስለከለከለች የጣፋጭና የለስላሳ መጠጥ ገንዘብም ከዚህ ገበያ ወጥቷል።

እነ ጋሬት ጆንሰን የተባሉ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ከ5,000 በላይ ታዋቂ የአሜሪካ ቻናሎችን አጥንተው ያገኙት ውጤት ይህን ያጠናክራል። ከስምምነቱ በኋላ የልጆች አዘጋጆች ምርታቸውን በ13 በመቶ ቀነሱ፤ ብዙዎቹም ወደ ሌላ ዓይነት ዝግጅት አዘነበሉ። የእነዚህ ቻናሎች ተመልካችም በ22 በመቶ ቀነሰ። ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ሦስተኛው ግኝት ነው፤ የተረፈው ምርትና ተመልካች በትልልቆቹ ቻናሎች እጅ ይበልጥ ተከማቸ። መድረኩ ተመልካችን ከአዲስ ሥራ ጋር የማገናኘት አቅሙ ሲዳከም ሰው የሚያውቀውን ስም ይፈልጋል። የታወቀው ደግሞ ግዙፉ ነው።

የኖርዌጅኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ይህ ሁሉ ብዙም አይሰማውም። የሕዝብ ብሮድካስተሩ ኤንአርኮ ከ2007 ጀምሮ ኤንአርኮ ሱፐር የሚባል የልጆች ቻናል አለው፤ ማስታወቂያ የለበትም፣ ወጪውም ከ2020 ወዲህ በቀጥታ ከግብር ይሸፈናል። የኖርዌይ ሕዝብ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አማርኛ የሚናገረው ሕዝብ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን አንዱ ቋንቋ ከኋላው ግምጃ ቤት አለው፣ ሌላው ጨረታ ብቻ ነው ያለው። እኛም ብንሆን የልጆች ዝግጅት በገበያ ብቻ የቆመበት ዘመን አልነበረንም። አባባ ተስፋዬ በመንግሥት ቴሌቪዥን ነበር የሚተርኩት። የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ዝግጅት ቢጫ ቀጭኔም ወደ ልጆች የደረሰችው በዚያው በመንግሥት ቴሌቪዥን ነው።

ለአዋቂዎች የተሠራውን ስንመለከት ሒሳቡ በሌላ በኩል ይመጣል። ጦርነትንና ግድያን የሚያሳይ የዜና ቪዲዮ የዕድሜ ገደብ ሲጣልበት በአዘጋጁ ገጽ ላይ የማስታወቂያ ሁኔታን የምታሳየው የዶላር ምልክት ቢጫ ትሆናለች፤ ማስታወቂያው ይሳሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት የአማርኛ ዩቲዩበሮች ይህችን ቢጫ ምልክት በደንብ ተዋውቀዋታል። በአውሮፓ ደግሞ ዩቲዩብ የተገደበ ቪዲዮ ለማየት ከሚፈልጉ አንዳንድ ተመልካቾች መታወቂያ ወይም የክሬዲት ካርድ ይጠይቃል። እንግሊዝ በሐምሌ 2025 የዕድሜ ማጣሪያን ግዴታ አደረገች፤ አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ዩቲዩብን ጨምሮ ከ16 ዓመት በታች ላሉ መለያ እንዳይከፈት ከለከለች።

ኖርዌይም በ2025 የ15 ዓመት ገደብ የሚጥል የማኅበራዊ ሚዲያ ረቂቅ ሕግ ለአስተያየት አቅርባለች። ምክንያቷ ቀላል አይደለም፤ የአገሪቱ የሚዲያ ባለሥልጣን ባወጣው አኃዝ መሠረት የ11 ዓመት ልጆች 72 በመቶው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ናቸው። ነገር ግን ልጅን ለመለየት አዋቂውን ሁሉ መፈተሽ ግድ ይላል። ኦስሎ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ባንኮች በሚሰጡት ባንክአይዲ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ በሰከንዶች ይጨርሳል። ፓስፖርት የሌለው ወይም ጊዜያዊ ቁጥር ብቻ የያዘ አዲስ መጤ ግን ባንክአይዲ ለማውጣት ብዙ ይንገላታል። ግሮንላንድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ጥቂት አይደለም። የአገሩን ዜና የሚሰማው ደግሞ ከማንም በላይ በቪዲዮ ነው።

ልጆችን የሚጠብቀው ሕግ ይላላ የሚል ሐሳብ የለኝም። ሕጉ የቆረጠውን ገቢ የሚተካ ክፍያ ከሌላ ቦታ ካልመጣ ግን መጀመሪያ የሚዘጉት ከኋላቸው ግምጃ ቤት የሌላቸው ቋንቋዎች ትንንሽ ቻናሎች ናቸው። ዩቲዩብ በልጆች ቻናል ላይ አባልነትን ስለዘጋ ክፍያው ከመድረኩ ውጭ መሄድ አለበት። በኦስሎ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ለዚህ የሚሆን መንገድ በእጃቸው አለ፤ ኖርዌይ ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጠቀምበት ቪፕስ የተባለው የስልክ መክፈያ ለማኅበር መዋጮም የሚሰበሰብበት ነው። ሃምሳ ቤተሰብ በወር 100 ክሮነር ቢያዋጣ 5,000 ክሮነር ይሆናል። ልጆቻችሁ የሚያዩትን የአማርኛ ቻናል አዘጋጅ ፈልጋችሁ አግኙት፤ ያንን ገንዘብ በምን መንገድ ቢደርሰው እንደሚሻለው ጠይቁት።