ያውቁ ኖሯል? የባጃጅ አያትና 57 ሚሊ ሜትሩ ሲሊንደር
(ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? አሶሳ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር የሚያመላልስዎት ባጃጅ ዘሩ ከጣሊያኑ ስኩተር ከቬስፓ ይመዘዛል። የህንዱ ባጃጅ አውቶ ለዓመታት ቬስፓን ያመርት የነበረው ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ነው። ውሉ በ1971 አበቃ፤ በተከታዩ ዓመት ባጃጅ ቼታክ የተባለውን የራሱን ስኩተር አወጣ። ቼታክ የራጃስታኑ ንጉሥ የማሃራና ፕራታፕ ፈረስ ነበር።

የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች አሶሳን ከጣሊያን ጦር ያስለቀቁት በማርች 11 ቀን 1941 ነው። ያን ጊዜ ቬስፓ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፒያጆ የሚሠራው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነበር። ጦርነቱ አልቆ የፖንቴዴራው ፋብሪካ ፍርስራሽ ሲሆን ኤንሪኮ ፒያጆ ስኩተር የመንደፉን ሥራ ለሄሊኮፕተር መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር፤ ምናልባትም የበጀው ይኸው ነው። የቬስፓ የፈጠራ መብት የተመዘገበው በኤፕሪል 23 ቀን 1946 ነው።

ቬስፓ 150 በእውነቱ 150 ሲሲ እንዳልሆነስ? የ1960ዎቹ ቪቢቢ ሞዴል 145.45 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 57 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርዝመትም 57። ቼታክም 145.45፤ ባለ ሁለት ምቱ የድሮ ባጃጅም 145.45! የመጀመሪያው ቬስፓም እኩል በእኩል ነበር፦ 50 በ50፣ 98 ሲሲ።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። አሮጌ ቬስፓ የሚሸጥ ሰው «ሞተሩ ኦሪጅናል ነው፣ ቁጥሩን እይ» ይልዎታል። ቁጥሩ ስለ ሲሊንደሩ አንዳች አይናገርም። የተመታው ካርተሩ (የሞተሩ ቀፎ) ላይ ነው፤ ሲሊንደሩ ግን በብሎን የሚፈታ ዕቃ ነው፣ አሥር ጊዜ ተቀይሮም ቁጥሩ ያው ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ቦዲው ላይ ቪቢቢ1ቲ ካለ ሞተሩ ላይ ቪቢቢ1ኤም መኖር አለበት። ቲ የቦዲው፣ ኤም የሞተሩ ምልክት ነው።

ስለዚህ ሲሊንደሩን ራሱን ማየት ግድ ነው። የማቀዝቀዣውን ቆርቆሮ ያውልቁና ማግኔት ያስጠጉ። የፋብሪካው የቬስፓ 150 ሲሊንደር ጊዛ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ነው፣ ማግኔት ይይዛል። ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ እንደ ፒናስኮ ያሉ የጣሊያን ድርጅቶች ለፍጥነት ብለው የሠሩት ሊሆን ይችላል። ማግኔት ያዘ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ፖሊኒና ዲአር የተባሉት አምራቾች ጊዛ ሲሊንደር ይሠራሉ፤ 177 ሲሲ የሚባለው ኪታቸው 63 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከውጭ ሲያዩት ያሳስታል፣ በካሊፐር ሲለኩት ይጋለጣል።

ሲለኩም ቦታ አለው። የፒስተኑ ፋሻዎች (ቀለበቶች) የሚመላለሱበት ግድግዳ ስለሚበላ ትክክለኛው ልክ የሚገኘው ፋሻ በማይደርስበት በታችኛው ጠርዝ ነው። ከዚያ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) አውልቀው የፒስተኑን አናት ከካርቦን ያጽዱ፤ 57.4 ወይም 57.6 የሚል ቁጥር ቢወጣ አይደንግጡ። ሲሊንደሩ ተጠርቦ ሰፋ ያለ ፒስተን ገብቶለታል ማለት ነው እንጂ ተቀይሯል ማለት አይደለም። እኔን ቢጠይቁኝ በደንብ የተጠረበ የድሮ ሲሊንደር ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል።

ሲሊንደሩ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የፒያጆ ምልክት ካለበትና ሻጩ «ከ1962 ጀምሮ አልተነካም» ካለ፣ ዋጋውን ይቀንሱ። ያ ምልክት የመጣው በ1967 ነው።

ካርቡራቶሩ ከምን ጋር ተገናኝቷል? ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተራዎቹ ቬስፓዎች ነዳጁ የሚገባው በካርተሩ በኩል ነው፤ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ኮሎው (ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ) ራሱ ነው። ስለዚህ ሲሊንደራቸው የካርቡራቶር ማሰሪያ የለውም። ፈጣኖቹ ጂኤስና 180 ኤስኤስ፣ እንዲሁም ሌላው የጣሊያን ስኩተር ላምብሬታ፣ በሲሊንደሩ በኩል ያስገባሉ። ላምብሬታ ኤልአይ 150 ስፋቱ እንደ ቬስፓው 57 ነው፤ ርዝመቱ ግን 58፣ ጠቅላላው 148 ሲሲ።

ኦሪጅናሉን ሲሊንደር የሚገድለው ብዙ ጊዜ ቁልቁለት መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኩ ለካርቡራቶሩ አነስ ያለ ጂግለር (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) ያስገባል። ያው ስኩተር ከአዲስ አበባ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አሶሳ፣ ከዚያም ወደ ኩርሙክ ቆላ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚን ሲያንስ ቅባቱም ያንሳል። ውጤቱ ግሪፓጅ ነው፦ የፒስተኑ አሉሚኒየም ቀልጦ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሲሊንደር ሲገዙ መብራት ይዘው ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ ብርማ ጭረት ካለ ታሪኩ ይህ ነው።

የባጃጅ ሲሊንደርን «የቬስፓ ነው» ብለው ቢያመጡልዎትስ? የባለ ሁለት ምቱ ስፋት አንድ ስለሆነ ካሊፐር የህንዱን ከጣሊያኑ አይለይም፤ ያኔ የፋብሪካውን ምልክት መፈለግ ነው። የኋለኛው ባለ አራት ምት ባጃጅ ግን 198.88 ሲሲ ነው፣ ቫልቮቹም ቴስታታው ላይ ናቸው። ጣትዎን ሲሊንደሩ ውስጥ ያዙሩ፤ ግድግዳው ላይ የጋዝ ማለፊያ መስኮት ካላገኙ ለቬስፓ አይሆንም፣ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።